የብሬክ ዳንስ ግጥሚያ በብሮንክስ ወግ፦ ዙራችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርኩ ብሮንክስ ዲጄ ኩል ኸርክ አንድን ሸክላ በሁለት ቅጂ ይዞ፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ከበሮው ብቻ የሚሰማባትን አጭር ክፍል ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰ አራዘማት። ቢቦዮች (ብሬክ ዳንሰኞች) ወደ መሃል የሚወጡት ለዚያች ክፍል ነበር። የተቀመጠ ዳኛ የለም፤ የሚፈርደው ዙሪያውን የከበበው ሰው ነው። ስለዚህ ዙራችሁ፣ ማለትም መሃል ገብታችሁ የምትጨፍሩበት ተራ፣ ለተጋጣሚያችሁ ዙር መልስ ይሁን። እቤት የሸመደዳችሁትን እንዳለ ማውረድ ልምምድ እንጂ ግጥሚያ አይደለም።

የአንድ ዙር ልክ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ነው። ከዚያ ካለፈ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ይጎተታል፣ ተመልካቹም ይሰለቻል።

መጀመሪያ በቶፕሮክ፣ ማለትም ቆማችሁ በምትጨፍሩት እርምጃ ግቡ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እስከ ስምንት እየቆጠራችሁ። ብዙ ጀማሪ ይህን ዘሎ ወዲያው መሬት ይወርዳል፤ ትልቅ ስህተት ነው። ምቱን መስማታችሁ የሚታወቀው፣ ተጋጣሚያችሁንም ዓይኑን እያያችሁ የምትመልሱለት እዚህ ላይ ነው። ለመለማመጃ የኢንክረዲብል ቦንጎ ባንድ «አፓቺ» የተባለውን ሙዚቃ (1973 እ.ኤ.አ.) እስካሁን የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ወደ ፉትወርክ፣ ማለትም እጅን መሬት አስደግፎ ወደሚሠራው የእግር እንቅስቃሴ ውረዱ። ሲክስ ስቴፕ በሚባለው እግራችሁ በስድስት እርምጃ ክብ ሠርቶ ይመለሳል። ክብደታችሁ በእግር ጣቶች ሥር ባለው መርገጫ ላይ ይረፍ። ተረከዝ ላይ ከዋለ መቀመጫችሁ መሬት ይነካል፣ ፍጥነቱም ይሞታል። የእጅ አንጓችሁን ሳታፍታቱ ግን አትጀምሩ።

መዝጊያው ፍሪዝ ነው፤ በአንድ አቋም ሳይንቀሳቀሱ መቆየት። ቤቢ ፍሪዝ በሚባለው፣ በእጅ ተደግፋችሁ በምትሠሩት፣ ክርናችሁን ከዳሌ አጥንት አጠገብ ሆድ ላይ ትከሉ፤ ጎድን ላይ ከተከላችሁት ያማል፣ ሚዛንም ያስታል። ከበሮው ጠንከር ብሎ በሚመታበት ቅጽበት ቀጥ በሉ፣ ሁለት ሰከንድ ያዙ፣ ተነስታችሁ ውጡ። ከፍሪዙ በኋላ ሌላ ነገር መጨመር የሠራችሁትን ያፈርሳል።

መልስ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከራፕ አንድ ግጥሚያ ያሳያል። በታኅሣሥ ወር 1981 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርኩ ሃርለም ወርልድ ክለብ ራፐሩ ቢዚ ቢ ሕዝቡን በተለመደው የጭፈራ ጥሪው አሟሟቀ። ሌላው ራፐር ኩል ሞ ዲ ተከትሎ ወጣና ግጥሙን በቀጥታ በቢዚ ቢ ላይ፣ በአቀራረቡም ላይ አነጣጠረው። በዳንስም እንዲሁ ነው፦ ተጋጣሚያችሁ በፍጥነት ከተሽከረከረ እናንተ በእርጋታና በጠራ ፉትወርክ መልሱ፤ ወይም የእሱኑ እንቅስቃሴ ወስዳችሁ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። ሳትጨምሩበት እንዳለ ከደገማችሁት ስርቆት ነው። ሁለት ክንዱን እንደ መንጋጋ ከፍቶ እየገጠመ «ሰረቀኝ» ብሎ ያሳጣችኋል፣ ሕዝቡም ከእሱ ጋር ይሆናል።

መሳለቅ ይፈቀዳል፣ መንካት ፈጽሞ አይፈቀድም። ብትወድቁ ተጋጣሚው መሬቱን በእጁ እየመታ መውደቃችሁን ያሳያል። አታቋርጡ፤ ከወደቃችሁበት ሁኔታ ፉትወርክ ቀጥሉ፣ በቀጣዩ ጠንካራ ምት ላይም በቀላል ፍሪዝ ዝጉ።