ባህል ነክ ዲዛይን ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግራፊክ ዲዛይን የሚማር ሁሉ ይህ አሳይመንት ይደርሰዋል፤ አንድ ባህል መርጦ ፖስተር ወይም ማሸጊያ መሥራት። መምህሩ ከክፍል ሳይወጣ ሁሉም ፒንተረስት ይከፍታል። የሚወጣው ሥራ ያምራል፣ ግን የባህሉ ባለቤት ቢያየው ወይ ይስቃል ወይ ይቀየማል።

አንደኛው ስህተት "የአፍሪካ ስታይል" ነው። እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ከኬንቴ ትንሽ፣ ከንዴበሌ ትንሽ ቀላቅላችሁ "አፍሪካዊ" ስትሉት ሁለቱንም አበላሻችሁ። ኬንቴ ጋና አካባቢ የአሻንቲና የኤዌ ሸማኔዎች ጨርቅ ነው። የንዴበሌው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሴቶች የቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚስሉት ነው። የንዴበሌዋ ሠዓሊ ኤስተር ማህላንጉ እ.ኤ.አ. በ1991 የቢኤምደብሊው መኪና ላይ ስትስል ያንኑ የግድግዳ ሥዕል ነው ያሳረፈችው፤ የንዴበሌ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። የማን እንደሆነ በስሙ ጥሩት።

ሁለተኛው፣ ነገሩ የት እንደሚውል ሳይጠይቁ መለጠፍ። የጋናዎቹን የአካኖችን አዲንክራ ውሰዱ፤ ጨርቅ ላይ የሚታተሙ ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹ ሲያዩዋቸው ሎጎ ይመስላሉ፣ ኢንተርኔት ላይም ሞልተዋል። ዛሬ ጋና ውስጥ ብዙ ቦታ ይታተማሉ፤ የአዲንክራ ጨርቅ ግን ከድሮ የሚታወቀው በለቅሶ ልብስነቱ ነው። ይህን ሳያውቁ በጥቁርና በቡናማ ሞልተው የሠርግ ካርድ የሚያደርጉት አሉ።

ሦስተኛው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም መፍትሔው ቀላል ነው። አረብኛ ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ፎቶሾፕ ላይ ስትለጥፉ፣ ሴቲንጉ ካልተስተካከለ ፊደሎቹ ተበጣጥሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ። ለማያነብ ሰው ምንም አይመስለውም። ለሚያነብ ግን ቆሻሻ ነው። መጀመሪያ የቀኝ ወደ ግራ ጽሑፍ የሚደግፈውን ምርጫ አብሩ፣ ከዚያ ከማተማችሁ በፊት አረብኛ ለሚያነብ ሰው አሳዩት። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ቡና ጋብዛችሁት ያነብላችኋል።

አራተኛው ግን ከሁሉም የሚብሰው፣ የራሳችንን "እናውቀዋለን" ብለን የምናልፈው ነው። የጋናውን ስንሠራ ትንሽ እንኳ እናነባለን። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ግን የጣሪያውን መላእክት ከጉግል ፎቶ ላይ ትሬስ እናደርጋለን፣ ያውም አንዱን ፊት ብቻ ወስደን አርባ ጊዜ ኮፒ-ፔስት። ሂዱና ቀና ብላችሁ እዩ። በእጅ የተሳለ ነው፤ የአንዱ ቅንድብና አስተያየት ከጎረቤቱ አይገጥምም። ያ መለያየት ነው ጣሪያውን ሕያው ያደረገው፣ እናንተ ደግሞ መጀመሪያ የምታጠፉት እሱን ነው። በነገራችን ላይ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ፍላሽ ደግሞ በፍጹም።

ሌላም አለ። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ሙሉ ፊቱን ያሳያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። አሁን አንዱ ተማሪ "እንቅስቃሴ እንዲኖረው" ብሎ ቅዱሱን በጎን አዙሮ ፖስተር ይሠራል፤ ክፍሉ ያጨበጭባል። ሥዕሉን ለአንድ መሪጌታ አሳዩትና ምን እንደሚሉ ስሙ። ልማዱን መስበር ትችላላችሁ፣ ግን እያወቃችሁ ስበሩት።

የላሊበላን መስቀል ወስዶ "የጎንደር መስቀል" ማለትም አለ። እሱን አላብራራም፣ አንድ ቀን ሙዚየም መሄድ ይበቃል።

የመጨረሻው ፊደል ነው። የእንግሊዝኛ ስም በግዕዝ ፊደል ቅርጽ መጻፍ፤ በ"U" ፋንታ "ሀ"፣ በ"O" ፋንታ "ዐ" መትከል። ለፈረንጅ ያምራል፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው ግን ዓይኑ ይደናቀፋል። ፊደሉን ቦታ እንዲሞላ ብሎ ወደ ጎን መለጠጥም እንደዚያው ነው። ቦታው ካልበቃ ሌላ ፎንት ፈልጉ፣ ወይም ጽሑፉን አሳጥሩት።