ግማሹ ሳይበቅል የሚቀር ብቅል፦ ጥፋቱና ማስተካከያው

በደብረ ብርሃን ብርድ ለጠላ የተዘፈዘፈ ገብስ ግማሹ በቅሎ ግማሹ ጠጥሮ ከቀረ፣ ሽታውም ከኮመጠጠ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከውሃው ነው። ገብስ ይተነፍሳል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከተነከረ ታፍኖ ይሞታል።

የተሳካው እንዲህ ነው፦ 5 ኪሎ ገብስ ታጥቦ ተንሳፋፊው ይጣላል። 8 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ 8 ሰዓት ይናፈሳል፣ ደግሞ 8 ሰዓት ይነከራል። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ላይ ከ5 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተዘርግቶ ይሸፈናል። በቀን ሁለቴ ካልተገላበጠ መሐሉ ይግላል፣ ሥሩ ይቆላለፋል፣ ይሻግታል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊቱን ጓዳ ይደር፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ፍሬው ሲሰነጠቅ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቡቃያ የፍሬውን ሦስት አራተኛ ከደረሰ በቂ ነው።

ማድረቂያው ፀሐይ ነው እንጂ ምጣድ አይደለም። እርጥብ ብቅል ሲግል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ይጠፋል። መቆላት ለጠላ የሚቆላው እህል፣ የአሻሮ ነው! አዲስ የተወቃ ገብስም ቶሎ አይነቃም፣ ሁለት ወር ያህል ይረፍ።

ለድግስ የቸኮለ ከገበያ ይግዛ፤ ግን 10 ፍሬ አኝኮ ይሞክር። ብቅል ይፈረፈራል፣ ይጣፍጣል፤ ጥርስ የሚሰብረው ያልበቀለ ገብስ ነው። ከ10ሩ 3ቱ ከጠጠሩ፣ ቢረክስም ይቅር።