በአነስተኛ የዛፍ ግርዘትና ቆረጣ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ኮረብታዎችና ግቢዎች የሚታየው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረትን ለማቃለል ወደ አገር የገባ ተክል ነው። ያን ጊዜ በሜዳ ላይ የተተከለው ዛፍ ዛሬ ከሥሩ ቤት፣ ከጎኑ የጎረቤት አጥር፣ ከላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለበት። በዚህም ምክንያት በመጥረቢያና በጠፍር ይሠራ የነበረው ሥራ ዕውቀት፣ መሣሪያና ኃላፊነት የሚጠይቅ ሙያ ሆኗል። በመዲናዋ አንድ የሞተር መጋዝ ገዝተው ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ጉልበትም ድፍረትም አላቸው፤ የሚጎዳቸው ገንዘባቸውን የሚያወጡበት ቅደም ተከተል ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ቅደም ተከተል መዛባት የሚመነጩ ናቸው።

መጋዙን አስቀድሞ የመከላከያ ልብስን ለነገ ማለት

ያለው ገንዘብ በሙሉ ለመጋዝ ከዋለ በኋላ የራስ ቁር፣ የጆሮና የፊት መከላከያ፣ ጫማና ሱሪ «ሥራው ሲያድግ» ይገዛሉ ተብለው ይተዋሉ። እኔ ይህን ከሁሉም የከፋ ስህተት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ለመጋዝ ሥራ የሚሠራው ሱሪ ተራ ወፍራም ጨርቅ አይደለም። በውስጡ ረጃጅም ክሮች በድርብርብ ተነጥፈዋል፤ ሰንሰለቱ የላዩን ጨርቅ ቀዶ ሲገባ ክሮቹ ተመዝዘው ሰንሰለቱን በሚያሽከረክረው ጥርስ ላይ ይጠመጠሙና ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ያቆሙታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ አመዳደብ «ክፍል 1» የሚል ምልክት ያለበት ሱሪ የተፈተነው በሴኮንድ 20 ሜትር በሚሮጥ ሰንሰለት ሲሆን «ክፍል 2» በ24 ሜትር፣ «ክፍል 3» ደግሞ በ28 ሜትር ተፈትኗል። መሬት ላይ ለሚቆርጥ ሰው የእግሩን የፊት ገጽታ የሚሸፍነው ሱሪ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን እግሩን ዙሪያውን የሚሸፍነው ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም በከፍታ ላይ ሰውነት ስለሚጠማዘዝ መጋዙ ከየት በኩል እንደሚነካው አይታወቅም። አንድ ጊዜ በሰንሰለት የተቀደደ ሱሪ መጣል እንጂ መሰፋት የለበትም፤ መርፌው ክሮቹን እርስ በርስ ስለሚያያይዛቸው ተመዝዘው መውጣት አይችሉም። ያገለገለ ሱሪ የሚገዛ ሰውም የተሰፋ ቦታ መኖር አለመኖሩን በጣቱ እየዳሰሰ መመርመር ይኖርበታል።

የሞተር መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ጆሮ በቀስታ ስለሚጎዳ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው መስማት ሲሳነው ነው።

ትልቅ መጋዝ ሁሉን ይሠራል ብሎ ማመን

ረጅም ምላጭ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት) ያለው መጋዝ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓይን ይስባል። ይሁን እንጂ በከተማ ግቢ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው ሥራ የቅርንጫፍ ግርዘትና የመካከለኛ ግንድ ቆረጣ ስለሆነ ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ምላጭ ሰፊውን ድርሻ ይሸፍናል። ከባድ መጋዝ ክንድን ያደክማል፤ የደከመ ክንድ ደግሞ የምላጩን ጫፍ መቆጣጠር ይሳነዋል። የምላጩ ጫፍ የላይኛው ሩብ ክፍል ከእንጨት ጋር ሲጋጭ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት በኃይል ይፈናጠራልና ከዚህ ሥራ ከባድ አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት የሰንሰለት ፍሬኑ የማይሠራን መጋዝ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ መግዛት አይገባም። እጀታው ከላይ የተሠራው ትንሹ መጋዝም ለመሬት ሥራ የሚመች መስሎ ቢታይ እንኳ የተዘጋጀው ዛፍ ላይ ወጥቶ ለሚሠራ ሠልጣኝ ባለሙያ ብቻ ነው።

ገዢዎች እምብዛም የማይጠይቁት ጉዳይ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የቤንዚን ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት በግምት ከአምስት አንዱን እጅ ወይም ከዚያም በላይ ያጣል። ስለዚህ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት እዚህ አይገኝም። ከፋብሪካ እንደመጣ የሚነሣ ካርቡሬተርም (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ስለሚለቅ መጋዙ ይጨሳል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ባለቤቱም «መጋዙ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። የሚያስፈልገው የካርቡሬተር ማስተካከያ ነው። በተቃራኒው እንጦጦ ላይ የተስተካከለን መጋዝ እንዳለ ይዞ ወደ አዋሽ ሸለቆ መውረድ የባሰ ጉዳት ያስከትላል፤ በዝቅተኛ ቦታ አየሩ ስለሚወፍር የቤንዚኑና ከእሱ ጋር የተቀላቀለው ዘይት መጠን ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑም ይነክሳል። አንዳንድ አዳዲስ የስቲልና የሁስቅቫርና ሞዴሎች ይህን በራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸውና በተለያየ ከፍታ ለሚሠራ ሰው የዋጋው ልዩነት የሚያስቆጭ አይሆንም። የባትሪ መጋዝ ደግሞ አየር ስለማያቃጥል በአየሩ መሳሳት ጉልበቱ አይቀንስም፤ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ሁለትና ሦስት ባትሪ ሞልቶ ማደር ለሚችል ሰው ለቀላል ግርዘት እጅግ ተስማሚ ነው።

መሣሪያውን በውጭ አገር ካለ ዘመድ ማስላክ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን አለማጣራት ለኪሳራ ይዳርጋል። ከአሜሪካ የሚመጣ በገመድ የሚሠራ መጋዝ ወይም የባትሪ መሙያ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። ቤንዚን የነካው ያገለገለ መጋዝ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይጫንም። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪም እንዲሁ የተከለከለ ሲሆን ብዙዎቹ የመጋዝ ባትሪዎች ከዚህ ይበልጣሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሰንሰለቱ፣ ምላጩና ማጣሪያው በመርካቶ ወይም በሌላ ገበያ የሚገኝለት መሆኑ ከመግዛት በፊት መረጋገጥ አለበት፤ መለዋወጫ የሌለው መጋዝ በመጀመሪያው ብልሽት ከሥራ ይወጣል።

የዘይትና የስለት ቸልተኝነት

የመጋዝ ሞተር ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎለት የሚሠራ ነው። ለብዙ ዘመናዊ መጋዞች የታዘዘው 50 ለ1 ሲሆን ይህም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ማለት ነው። በሃይላንድ ክዳን እየገመቱ መቀላቀል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሊንደሩን ያበላሻል። ሰንሰለቱን ለማለስለስ ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ ዘይት መጠቀምም ቁጠባ አይደለም፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑንና ምላጩን ይበላል።

ስለት ያለው ሰንሰለት ፍርፋሪ ያወጣል፤ የደነዘዘው ዱቄት ያወጣል። ዱቄት ሲታይ ሥራውን አቁሞ መሞረድ ይገባል፤ ሞረዱም እንደ ሰንሰለቱ ልክ 4፣ 4.8 ወይም 5.2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ልኩ ያልሆነ ሞረድ ጥርሱን ያበላሸዋል እንጂ አይስለውም።

ለሰውና ለእንጨት አንድ ገመድ መጠቀም

ከገበያ የተገዛ የጭነት ገመድ ወገብ ላይ አስሮ ዛፍ መውጣት አሁንም ይታያል። ለመውጫ የሚሠራ ገመድ ቢያንስ 24 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሸከም ሲሆን ከተሰፋ ቀበቶ ጋር አብሮ ይሠራል። በዚህ ገመድ እንጨት ማውረድ አይፈቀድም፤ ድንገተኛ ጭነት ውስጡን ሲጎዳው ከውጭ አይታይምና። መጋዝ በእጁ ይዞ ከዛፍ ላይ የሚቆርጥ ሰው በሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች መታሰር ይኖርበታል፤ አንዱን በስህተት ቢቆርጠው ሌላው እንዲይዘው።

የእንጨት ክብደትን በዓይን ገምቶ ማውረድም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥፋት ነው። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደት ከውሃ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ጉማጅ ከ120 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ደግሞ ከአራት ማዕዘን ግቢ ጥግ ላይ ካለ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣራ በላይ የተንጠለጠለ ወደ አራት ኩንታል የሚጠጋ ሸክም ነው። ይህ ሸክም ግማሽ ሜትር እንኳ ወድቆ በገመድ ቢያዝ የሚፈጥረው ጉተታ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው በአጫጭሩ መቁረጥ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋውም ይህን ጊዜ አስልቶ መተመን አለበት።

ሽቦውን መናቅ

እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በከተማችን መንገዶች ዳር ከቤት መስመር በላይ የሚያልፉት ሽቦዎች 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ስለሚሸከሙ መንካት ቀርቶ መጠጋትም ይገድላል። ቅርንጫፉም ሆነ መሣሪያው ከሽቦው ከሦስት ሜትር በታች የሚቀርብ ከሆነ ሥራው መጀመር ያለበት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን ካቋረጠ በኋላ ብቻ ነው። «ዛሬ መብራት የለም» የሚል የደንበኛ ቃል ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ መብራቱ በማንኛውም ደቂቃ ሊመለስ፣ የጎረቤት ጄኔሬተርም ወደ መስመሩ ሊለቅ ይችላል።

ደንበኛው ስለጠየቀ ብቻ አናቱን መቁረጥ

ባለ ንብረቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ከላይ አሳጥርልኝ» የሚለውን ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ግራቪሊያም ግርዘትን በደንብ ይችላል። የሐበሻ ጽድ ግን ቅጠል ወደሌለበት ደረቅ ክፍል ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ የተራቆተው ክፍል እንደተራቆተ ይቀራል። በሌሎች ትልልቅ ዛፎች ላይ አናቱ ሲቆረጥ ከቁስሉ ዙሪያ የሚወጡት ቀንበጦች ከላዩ ቅርፊት ጋር ብቻ ተጣብቀው የሚያድጉ በመሆናቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከብደው በነፋስ ይገነጠላሉ፤ ከሥራቸው ያለው ግንድም ይበሰብሳል። አደጋን ለመቀነስ ተብሎ የተሠራው ሥራ አደጋን ያሳድጋል ማለት ነው። ለደንበኛው ይህን አስረድቶ የተመረጡ ቅርንጫፎችን ማሳሳት የተሻለ መሆኑን መንገር የባለሙያው ግዴታ ነው።

ቅርንጫፍን ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨትም እንደ ጥራት የሚቆጠር ስህተት ነው። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በመጋዝ ሰንጥቆ እንዳሳየው፣ የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቆዳ አይድንም፤ ዛፉ የበሰበሰውን ክፍል አጥሮ በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ይህን አጥር የሚሠራው ዋናው ክፍል ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚታየው ያበጠ አንገት ነው። አንገቱን የነካ ቆረጣ መከላከያውን ያጠፋዋል፤ ከአንገቱ ርቆ የተተወ ጉጥ ደግሞ የብስባሽ መግቢያ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር ሦስት ቆረጣ ነው። መጀመሪያ ከአንገቱ ራቅ ብሎ ከሥር ጥቂት መብጣት፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ከላይ ቆርጦ ክብደቱን መጣል፤ በመጨረሻም የቀረውን ጉጥ ከአንገቱ ጫፍ ላይ ማስወገድ። የመጀመሪያው ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይገሸልጣል። ቁስሉን ቀለም መቀባት ብስባሽን እንደማይከላከልም የሺጎ ጥናቶች አሳይተዋል። ባለ ሹል ብረት መውጫ ጫማም በሚቆረጥ ዛፍ ላይ እንጂ በሚገረዝና በሕይወት በሚቆይ ዛፍ ላይ ሊወጣበት አይገባም።

ያለ ጽሑፍ ስምምነትና ያለ ፈቃድ መጀመር

ዋጋን በስልክ መናገር፣ ግቢውን ሳያዩ ቀን መቁጠር፣ ጉቶው ይነቀል አይነቀል ሳይነጋገሩ መጋዝ ማስነሣት የጠብ ምንጮች ናቸው። በተለይ እንጨቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ግንዱ ለአጠናና ለማገዶ፣ ጭራሮውና ቅጠሉ ለእንጀራ መጋገሪያ ስለሚሸጥ ከእጅ ዋጋው ጋር የሚወዳደር ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል፤ ሠራተኛው የእኔ ነው ሲል ባለቤቱም የእኔ ነው ይላል። በዚሁ ምክንያት በውጭ አገር የዚህ ሙያ ዋነኛ ዕቃ የሆነውን የቅርንጫፍ መፍጫ ማሽን ገና በጅምር መግዛት ለአዲስ አበባ ሥራ አይመከርም፤ ገበያ ያለውን ጭራሮ ነዳጅ እያቃጠሉ መፍጨት ይሆናል። ለዚያ ገንዘብ የአይሱዙ ኪራይ በብዙ ጊዜ ይሸፈናል።

እንደ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎች በሕግ ትኩረት የተሰጣቸው በመሆናቸው በግል ግቢ ውስጥ ቢሆኑም ከመቁረጥ በፊት የወረዳውን አስተዳደር መጠየቅና ፈቃዱን በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። «የራሴ ዛፍ ነው» የሚለው የደንበኛው ቃል መጋዙን የያዘውን ሰው ከተጠያቂነት አያድነውም።

የቀን ሠራተኛ ይዞ የሚሠራ ሁሉ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ማወቅ ይኖርበታል። በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለሆነም ለሠራተኛው የአደጋ፣ ለጎረቤት ንብረት ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ከሁለተኛው መጋዝ መቅደም ያለበት ወጪ ነው።

ክረምቱን ተቀምጦ መጠበቅ

በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ሲርስ ሥር ይላላል፤ ጥሪውም ዛፉ ከወደቀ በኋላ ይመጣል። ያን ጊዜ ግንዱ ድንጋጤ ያለበት ቤት ላይ ተጋድሞ፣ ቅርፊቱ አንሸራታች ሆኖ፣ እንጨቱ ተወጥሮ ስለሚገኝ ሥራው ከሁሉም አደገኛው ነው። የቀድሞ ደንበኞችን ዝርዝር ይዞ በሚያዝያና በግንቦት ደውሎ ያዘነበሉትን፣ ሥሮቻቸው በቅርብ ቁፋሮ የተቆረጡባቸውንና ከግርጌያቸው እንጉዳይ የበቀለባቸውን ዛፎች መመልከት ሥራውን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለመጨረስ ያስችላል፤ ደንበኛውም ጣራው ከመሰበሩ በፊት በተረጋጋ መንፈስ ዋጋ ይነጋገራል።