በክፉ ቀን ዘርን ማስቀረት፦ በመከራ ጊዜ በክርስትና ሥር ሰድዶ ለመኖር

በወሎ ገጠር ዝናብ በቀረበት ዓመት አንድ ቤተሰብ የሚያደርገው በቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ የገበታውን መጠን ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ፍየሉንና በጉን ይሸጣል፣ ሲብስበትም በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል፤ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ ወይም ጤፍ ግን ነፍሱ እስክትጨነቅ ድረስ አይነካውም፤ ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናቡ ቢመለስ እንኳ የሚበትነው የለውምና። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኀብ ያለፉ እናቶችና አባቶች ይህን ሲናገሩ ያልሰማ የወሎ ልጅ አይኖርም። በመከራ ጊዜ እምነትን ስለ መጠበቅ የምጽፈውም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፦ ጸሎቱ፣ ስግደቱና ምጽዋቱ እንደ ችግሩ ሊያንስ ይችላል፣ ዘሩ ግን አይበላም።

አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ከዚህ በተቃራኒው ነው። መከራ ሲመጣ በድንጋጤ ከዐቅማችን በላይ እንጀምራለን፣ ሲደክመን ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን እንተዋለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ፈጥኖ የበቀለው አፈሩ ጥልቅ ስላልነበረ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣም ሥር ስላልነበረው ደረቀ። እኔም በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ በር ዘግተን በተቀመጥንበት ጊዜ፣ ዳዊቱን በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር ልደግም ተነሣሁ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ አቆምሁና ለወራት መጽሐፉን አልገለጥሁትም። ያስቸገረኝ ጦርነቱ ብቻ አልነበረም፣ ለራሴ የቈረጥሁት ልክ ጭምር እንጂ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዘሩ ምን እንደ ሆነ ይወስኑ። ታምመውም፣ ተሰድደውም፣ በሰው ቤት ጥግ ተኝተውም ሊያደርጉት የሚችሉት መሆን አለበት። ብዙ ምእመናን የሚይዙት ይህን ነው፦ ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ በትእምርተ መስቀል አማትቦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ማለት፣ አቡነ ዘበሰማያትን በማስተዋል መድገም፣ ማታ ከመተኛት በፊት ጥቂት ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ዐቅም ሲኖር የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይጨምሩበት፤ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የአንዱ ቀን ድርሻ አያስጨንቅም። ዳዊት የለመደ ሰው አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥሩ መዝሙር፣ ከከበደው አንዱን መዝሙር ይድገም። መጽሐፉ ከቤት ጋር ተቃጥሎ ወይም በሽሽት ቀርቶ ከሆነ በቃል የሚያውቁትን ይያዙ፤ በቃል የተያዘ ጸሎት ማንም የማይዘርፈው ስንቅ ነውና፣ ሰላም ባለበት ጊዜ ልጆችን ጥቂት መዝሙራት በቃላቸው ማስያዝ ጠቃሚ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከዚያም ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱና ያለውን ሁኔታ በግልጽ ይንገሯቸው። «ቀኖናዬ ከብዶኛል፣ ጾሙንም አልቻልሁትም» ማለት አያሳፍርም፤ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና በችግር ለደከመ ሰው ቀኖናውን ማቅለል የካህኑ ድርሻ ነው፤ በራስ ፈቃድ ከመተውና በአባት ፈቃድ ከማቅለል መካከልም ትልቅ ልዩነት አለ። ከቀዬው ተፈናቅሎ ንስሐ አባቱን ያጣ ሰው ባለበት አጥቢያ የሚያገለግል ካህን ይፈልግ እንጂ ወደ አገሬ እስክመለስ ብሎ ከቁርባንና ከንስሐ አይራቅ።

ሐዘኑን ከእግዚአብሔር ለመደበቅም አይሞክሩ። በግእዙ ዳዊት አቈጣጠር በመዝሙር 12 ላይ ዳዊት «እስከ ማእዜኑ» እያለ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ ይጠይቃል፤ መዝሙር 87 ደግሞ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ መጽናኛ ሳይገኝበት ያልቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዳዊቱ አላወጣችውም። ማጉረምረምና ወደ እግዚአብሔር መጮኽ አንድ አይደሉም፤ መጮኹ ጸሎት ነው። በለቅሶ ቤት «ለበጎ ነው» እያልን ሐዘንተኛውን ዝም ለማሰኘት የምንቸኩል ሰዎችም የኢዮብን ወዳጆች እናስብ፦ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፣ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

የሥጋን ነገር ብዙ ሰባኪዎች ይዘልሉታል፣ መጽሐፉ ግን አይዘለውም። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ አልገሠጸውም፤ ካንቀላፋበት ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ዳግመኛም አስተኝቶ አበላው፤ የአርባ ቀኑ መንገድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ እንቢ ካለዎት ወይም የመሞት ሐሳብ ከተመላለሰብዎት ለካህኑም ለሐኪሙም ይንገሩ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ጊዜ መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል።

አሁን ወደ ጽዋው፣ በቅዱሳን ስም በየወሩ በተራ ወደሚደገሰው ማኅበር፣ ልምጣ፤ በእኔ ግምት በክፉ ቀን የብዙ ሰው እምነት የሚላላው በዚህ በኩል ነው። የሚካኤል ወይም የማርያም ጽዋ ያለው ሰው ተራው ሲደርስ ጠላውንና ዳቦውን ማሰናዳት ካልቻለ ያፍራል፤ ከማፈር አንድ ወር ይቀራል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያም ማኅበርተኞቹን በመንገድ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ከማኅበሩ የራቀ ቀስ በቀስ ከቅዳሴውም ይርቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ነገር ግን አንድ ሰው ደፍሮ ሊጀምረው ይገባል፦ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ለመሪው፣ ተራዬን በንፍሮና በውኃ አደርሳለሁ ብለው አስቀድመው ይንገሩ፤ ሙሴ የሆኑ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዝክር እርስዎ ቀድመው ያዘጋጁ፣ ባለጠጋው ማኅበርተኛ በንፍሮ ሲያደርስ ድኻው አያፍርምና። ማኅበርተኞች በተበተኑበት አካባቢ ሁለት ሆኖም ቢሆን ቀኑን መጥቀስ፣ መጸለይና ያለውን ቆሎ መካፈል ይበቃል። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ ወይም በገና ወደ ላሊበላ መውጣት የለመደ ሰውም መንገዱ በተዘጋ ዓመት ዕለቱን በቤቱ ያክብር እንጂ እንደ ማንኛውም ቀን አያሳልፈው።

ቅሬውንም፣ ማለትም የሰፈሩን የቀብር መረዳጃ ማኅበር፣ አይተዉ። በወሎ ቅሬ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ ቀብር የሚያሰልፍ በመሆኑ፣ የእምነት ነገር አይደለም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ በእጅና በእግር የሚፈጸምበት ቦታ ነው። ሐዘን የጠናበት ሰው የሌላውን ሬሳ ሲሸኝና ለሌላው ድንኳን ሲተክል የራሱ ሸክም እንደሚቀልለው ደጋግሜ አይቻለሁ።

በጭንቅ ጊዜ ስለሚሳል ስእለት አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ካወጣኸኝ በሬ አገባለሁ ብሎ መሳል ቀላል ነው፤ ሲወጡ በሬውን ማግኘት ነው የሚቸግረው፤ ያልተከፈለ ስእለትም ሰውን ከደብሩ ደጅ ለዓመታት ያርቀዋል። ስለዚህ ስእለትዎ ሻማ፣ ዕጣን ወይም ጥላ ይሁን፤ ቀኑንና ዓይነቱን በወረቀት ጽፈው በዳዊትዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ መክፈል ካልቻሉም ሳይሸሹ ወረቀቱን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይቅረቡ።