ያጎነቆለ ድንች አትጣሉ

ጓሮ ባይኖራችሁም እሱን ለመትከል አንድ ባዶ ማዳበሪያ (ጆንያ) ይበቃል። ውሃ እንዳያቁር ታቹን ብሱት፤ አፉን ወደ ውጭ እስከ ግማሽ ጠቅልሉት። አንድ ስንዝር አፈር ከብስባሽ ጋር ሙሉና 2 ወይም 3 ያጎነቆሉ ድንቾችን ቅበሩ። ግንዱ ስንዝር ባደገ ቁጥር ጫፉን ብቻ አስቀርታችሁ አፈር ጨምሩ፤ ማዳበሪያውንም እየዘረጋችሁ ሂዱ።

ምስጢሩ፣ አዲሱ ድንች የሚይዘው ከተከላችሁት በላይ፣ አፈር ውስጥ በገባው ግንድ ላይ መሆኑ ነው። አፈሩ ብርሃንም ይከለክልለታል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነውን ግን ወጥ ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ መርዙ ተቀቅሎም አይለቅም።

ቲማቲም ወይም ድንች የጠወለገበትን አፈር አትጠቀሙ፤ በሽታው እዚያው ይቆያል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ማዳበሪያውን መገልበጥ ነው። ዶማ አያስፈልግም፣ አንድም ድንች አይቆረጥባችሁም።