በስልክዎ ውስጥ ያለውን የሰው አደራ እንዴት ይጠብቃሉ?

ስለ ስልክ ደኅንነት ወሬ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «እኔ ደግሞ ምን የምደብቀው ነገር አለኝ?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ከልባቸው ነው የሚሉት፤ የገዛ ሕይወታቸውን ቢመረምሩ የሚያሳፍርም የሚያስጠይቅም ነገር አያገኙም። ነገር ግን ስልካቸው የያዘው የእነርሱን ነገር ብቻ አይደለም። እኅታቸው ፎቶ አንሥታ የላከችው የላቦራቶሪ ውጤት እዚያ አለ፤ ጓደኛቸው በአገሩ ጉዳይ ተበሳጭቶ በእኩለ ሌሊት የላከው የድምፅ መልእክት እዚያ አለ፤ የእድርተኛው ስምና ስልክ ቁጥር፣ የእቁቡ ደረሰኝ፣ የጎረቤት ልጅ የመታወቂያ ቅጂ ሁሉ እዚያ አለ። ይህ ሰው አምኖ ያስቀመጠው አደራ ነው፤ አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ «የምደብቀው የለኝም» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ አይወጣም።

ይህን ነገር በደንብ የገባኝ በሰፈራችን እድር ጸሐፊ፣ በጡረታ ላይ ባሉ አንድ መምህር ላይ የደረሰውን ካየሁ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሚያውቁት ሰው በቴሌግራም «የእኅቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፣ እባክዎ ድምፅ ይስጡልኝ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ደረሳቸው። ሊንኩን ሲከፍቱት ስልክ ቁጥር ጠየቃቸው፤ አስገቡ። ወዲያው በቴሌግራም ባለ አምስት አኃዝ ኮድ መጣ፤ ገጹ ያንንም ጠየቀ፣ እሱንም አስገቡ። ከሰዓት በኋላ በእሳቸው ስምና ፎቶ ለእድርተኛው «ለአስቸኳይ ሕክምና ስምንት ሺሕ ብር ጎድሎብኛል፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ይዘንብ ጀመር፤ ሦስት ሰዎችም ሳይጠራጠሩ ላኩ። ማታ ቤታቸው ስደርስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ገንዘብ የላኩትን ሰዎች ስም በእድሩ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ እየጻፉ ነበር። ከራሳቸው ኪስ አንድ ብር አልወጣም። «እኔን አምነው ነው እኮ የላኩት» እያሉ ግን እንቅልፍ አጡ።

ስለዚህ ከቴሌግራም እንጀምር፤ ብዙዎቻችን የምንውለውም የምናድረውም እዚያ ነውና። ቴሌግራም እርስዎን የሚያውቅዎ በስልክ ቁጥርዎ ነው፤ ወደ አካውንትዎ የሚያስገባውም በዚያ ቁጥር ስም የሚላከው ኮድ ነው። ኮዱን ያገኘ ሰው ሌላ መቆለፊያ ካላገኘ በቀር ገባ ማለት ነው። ሁለተኛውን መቆለፊያ ለማኖር «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ይክፈቱና እርስዎ ብቻ የሚያውቁት የይለፍ ቃል ያስገቡ። የልደት ዘመንና የልጅ ስም አይሁን፤ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ቢደረድሩ ለማስታወስ ቀላል፣ ለገማች ከባድ ይሆናል። «ሂንት» የተባለውን የማስታወሻ ቦታ ባዶ ይተዉት፤ ወደ አካውንትዎ ለመግባት የሚሞክረው ሰው ያንን ጽሑፍ ያየዋልና። ኮዱን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፦ እርስዎ ራስዎ አዲስ ስልክ ላይ ቴሌግራም እየከፈቱ ካልሆነ በቀር ለማንም ሰው፣ ለየትኛውም ገጽ፣ ለ«ድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ»ም ቢሆን አይሰጥም።

ቴሌግራም በዚሁ መሐል የይለፍ ቃሉን ቢረሱ መመለሻ የሚሆን የኢሜይል አድራሻ ይጠይቅዎታል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ጂሜይሉን የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። ልጁ ለመርዳት ብሎ ነው፤ ስም ሞላ፣ የይለፍ ቃል አወጣ፣ ምናልባትም ለማረጋገጫ የራሱን ቁጥር አስገባ፤ ባለ ስልኩ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሄደ። የስልኩ ፎቶ፣ የስም ዝርዝሩና የዋትስአፕ ቅጂው የሚጠራቀመው ግን በዚያ ጂሜይል ላይ ነው። ስለዚህ በስልክዎ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ጉግል» የሚለውን ከፍተው ወደ አካውንትዎ የደኅንነት ክፍል ይግቡና መመለሻ ተብሎ የተመዘገበው ቁጥርና ኢሜይል የማን እንደሆነ ይመልከቱ። የማያውቁት ቁጥር ከሆነ ያጥፉት፤ የራስዎን ያስገቡ፤ የይለፍ ቃሉንም ይለውጡ። የድሮውን የይለፍ ቃል ካላወቁ «ረስቻለሁ» የሚለውን ሲከተሉ ብዙ ጊዜ በስልክዎ መክፈቻ ማረጋገጥ ይቻላል። ይህም እንቢ ካለ አዲስ ጂሜይል በገዛ እጅዎ ይክፈቱ። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ከቤት ካርታና ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ሣጥን ማስቀመጥ ነውር የለውም፤ የማይታወስ የይለፍ ቃል ይዞ ከመንከራተት ይሻላል።

ወደ ቴሌግራም እንመለስ። «ዲቫይስስ» የሚለውን ሲከፍቱ አካውንትዎ በአሁኑ ሰዓት የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ተዘርዝረው ይታያሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ሰነድ ያተሙበት የኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር እዚያ ቢገኝ አይገረሙ። የማያውቁትን ሁሉ ያስወጡ፤ ከሥር ደግሞ ሳይነካ የቆየ መሣሪያ በራሱ ጊዜ እንዲወጣ የሚያደርገውን ምርጫ ወደ አንድ ሳምንት ወይም ወደ አንድ ወር ያሳጥሩት።

ስልክ ቁጥርዎን ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነው ምርጫም እዚያው «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ነው። «ኖባዲ» (ማንም አይይ) ብለው ሲመርጡ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ብቅ ይላል፦ ቁጥርዎን ቀድሞ የያዘ ሰው በቁጥሩ ፈልጎ ያግኝዎት ወይስ አያግኝዎት? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛውን ክፍት ይተወዋል። በሺሕ የሚቆጠሩ ቁጥሮችን በስልኩ መዝግቦ የየትኛው ቁጥር ባለቤት በየትኛው ግሩፕ እንደሚጽፍ ማዛመድ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ይህን ፈርተው ጩኸት ካሰሙ በኋላ ነው ቴሌግራም ይህን ሁለተኛ ምርጫ የጨመረው። «ማይ ኮንታክትስ» በሚለው ላይ ያድርጉት። «ግሩፕስ ኤንድ ቻነልስ» የሚለውንም እንዲሁ፤ አለበለዚያ የማያውቁት ሰው በማያውቁት የፖለቲካ ግሩፕ ውስጥ ያስገባዎትና፣ አንድ ቃል ያልተነፈሱበት የግሩፕ ስም በስልክዎ ላይ ስለ እርስዎ ይመሰክራል። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እየወረደ ጋለሪ ውስጥ እንዳይቀመጥም «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ይዝጉት። ዳታም ይቆጥባል።

አሁን ወደሚያከራክረው እንምጣ። «ቴሌግራም አይሰለልም፤ ዋትስአፕ ግን የፌስቡክ ነው» የሚል ክርክር በየቡና ቤቱ እሰማለሁ። አነጋገሩ ግማሽ እውነት ስለያዘ ሰውን ያሳስታል። ዋትስአፕ በእርግጥ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተነጋገሩ ያውቃል። የሚጻፈው ቃል ራሱ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ ኩባንያው አያነብበውም። የቴሌግራም ተራ መልእክትና የቴሌግራም ግሩፕ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሰርቨር በሚባሉት የኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል፣ የመክፈቻው ቁልፍም በኩባንያው እጅ ነው። እስከ ተቀባዩ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የተባለው ብቻ ሲሆን፣ እሱም በሁለት ሰዎች መካከል እንጂ በግሩፕ አይሠራም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ደንቡን አሻሽሎ፣ ሕጋዊ ትእዛዝ ሲቀርብለት የተጠቃሚውን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ መሣሪያው የሚታወቅበትን ቁጥር) ለባለሥልጣናት ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ቴሌግራምን እንደ አደባባይ ይያዙት፤ ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለእድር ማስታወቂያ እጅግ ጥሩ ነው። የሐኪም ውጤትና የቤተሰብ ምስጢር በዋትስአፕ ወይም እንደ እሱ መልእክቱን ሁሉ በሚቆልፈው ሲግናል በተባለው መተግበሪያ ይሂድ። ዋትስአፕን የሚጠቀሙ ከሆነ «ቻትስ»፣ ቀጥሎ «ቻት ባካፕ» ውስጥ ገብተው መጠባበቂያ ቅጂው እንዲቆለፍ ያድርጉ፤ ይህ ካልተደረገ በመንገድ ላይ ተቆልፎ የሄደው መልእክት በዚያ በሱቁ ልጅ በተከፈተው ጂሜይል ላይ ሳይቆለፍ ይቀመጣል።

በፖለቲካ ምክንያት የሚደረግ ስለላ በእኛ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ ፍርሃት የፈጠረው ተረት አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ እንደተሠራጨ፣ በ2014 ደግሞ በውጭ አገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ሀኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ የስለላ መሣሪያ እንደተሞከረ አሳይቷል። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከስሶ ነበር፤ ክሱን የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ዘግቶታል፤ ምክንያቱም ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ባለመሆኑ በዚያ አገር ሕግ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም የሚል ነበር። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የክሱ ዝርዝር ነው። ሶፍትዌሩ የገባው አንድ የሚያውቀው ሰው በኢሜይል ካስተላለፈለት ሰነድ ጋር ሲሆን፣ ከተመዘገበው ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራው ያደረገው ፍለጋ ጭምር እንደነበረበት ተገልጿል። ሰውዬው የተላከለትን ከፈተ፤ የልጁም የትምህርት ቤት ሥራ አብሮ ተገለጠ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሕጉን ማወቅና መጠየቅ ይገባል፤ ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነውና ያልጠበቁት ፋይል ከወዳጅዎ ቢመጣም ሳይከፍቱ ደውለው «አንተ ነህ የላክኸው?» ብለው ይጠይቁ።

ስልክ ለጥገና ሲሰጥ መክፈቻውን አብሮ መስጠት ልማድ ሆኗል። ስክሪን ለመቀየር የመክፈቻ ቁጥር አያስፈልግም፤ ጠጋኙ መሞከር ካለበት እርስዎ አጠገቡ ቆመው ይክፈቱለት። በአዳዲስ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ «ሜንቴናንስ ሞድ» የሚባል ምርጫ አለ፤ ስልኩ ሲሠራ ፎቶውና መልእክቱ አይታይም። ሜሞሪ ካርዱን ግን በማንኛውም ስልክ ላይ አስቀድመው ያውጡት። ስልኩን ሊሸጡ ከሆነ መጀመሪያ ከጉግል አካውንትዎ ይውጡ፣ ከዚያ በውስጡ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋውን «ፋክተሪ ሪሴት» ያድርጉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ገዢው ስልኩን መክፈት ሊያቅተውና የእርስዎን የይለፍ ቃል ለመጠየቅ ሊደውል ይችላል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ወደ ዱባይ፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ቴሌግራሙን በአገር ቤት ቁጥሩ ይዞ ይሄዳል፤ ሲም ካርዱ ግን ሳይሞላ ይቀርና ቁጥሩ ጊዜውን ጠብቆ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለ ቁጥር ምንም ክፉ ሳያስብ ቴሌግራም ሲከፍት ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል፤ ሁለተኛው መቆለፊያ ከሌለም ከፊቱ የእርስዎ ደብዳቤ ሁሉ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። «ቼንጅ ነምበር» የሚለውን ተጠቅመው አካውንቱን አሁን በእጅዎ ወዳለው ቁጥር ያዛውሩት፤ ወዳጆችዎም ግሩፖችዎም እንዳሉ ይከተልዎታል። ስልኳን አሠሪዋ የቀማቻት እኅት ካለችና አካውንቷ ቤተሰብ ዘንድ ባለ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ ከቆየ፣ ከዚያ ስልክ ገብቶ የተቀማውን ማስወጣት ይቻላል።

አካውንቱ አሁን በሌባ እጅ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ወሳኝ ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የቀደሙትን እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ያን ቀን የበላይነቱ የእርስዎ ነው። ሌላውን ሁሉ ትተው «ዲቫይስስ» ውስጥ ይግቡና «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» (ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ አስወጣ) የሚለውን ይጫኑ፤ ወዲያው «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን ያብሩ። ቀጥሎ የግሩፑ አስተዳዳሪ ሐሰተኛውን መልእክት እንዲሰርዝ ያድርጉ፣ ገንዘብ የላከ ሰው ካለ ደረሰኙን ይዞ በዚያው ሰዓት ገንዘቡን ወደላከበት ባንክ ወይም ወደ ቴሌብር ይደውል፣ ፖሊስ ጣቢያም ያመልክት። ለቀሩት አባላት በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይደውሉ፤ ጽሑፍማ ሌባውም ሲጽፍ ውሏል። መምህሩ ያን ማታ የእድሩን መዝገብ ከፍተው ከ«ሀ» ጀምረው መደወል ጀመሩ፤ እኔም ግማሹን ገጽ ተካፍዬ ደወልኩ፤ አራተኛዋ ሴትዮ ስልኩን ያነሡት ገንዘቡን ሊልኩ የምስጢር ቁጥራቸውን እያስገቡ ሳለ ነበር።