ሆሞቶፒን (ቅርጾች ሳይቆረጡ ቀስ በቀስ ሲለዋወጡ የሚያጠናውን የሒሳብ ዘርፍ) ለምታጠኑ፦ አስቸጋሪ ስፔሶችን (የትኞቹ ስብስቦች «ክፍት» እንደሆኑ የተወሰነላቸውን የነጥብ ስብስቦች) በእጃችሁ ያዙ

«የሆሞቶፒ ግሩፖቹ (በስፔሱ ውስጥ ያሉ ቀለበቶችንና ሉሎችን የሚመድቡት) ሁሉ ባዶ (አንድ አባል ብቻ ያላቸው) ከሆኑ ስፔሱ ወደ ነጥብ ይሰበሰባል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የዋርሶን ክብ ሞክሩበት። የሳይን 1/ኤክስን ግራፍ ውሰዱ፣ ዜሮ ላይ የሚጠጋውን ቀጥ ያለ ቁራጭ ጨምሩ፣ ሁለቱን ጫፎች በቅስት አገናኙ። በዚያ ማለቂያ በሌለው ውዝዋዜ በኩል ያልተቋረጠ መንገድ ስለማያልፍ ግሩፖቹ በሙሉ ባዶ ናቸው፤ ስፔሱ ግን ወደ ነጥብ አይሰበሰብም። ያንን አባባል የሚያረጋግጠው የኋይትሄድ ቲዎረም ሲደብልዩ ኮምፕሌክስ (ከነጥብ፣ ከመስመር፣ ከዲስክና ከመሳሰሉት ደረጃ በደረጃ የተገጣጠመ ስፔስ) ይፈልጋላ!

እኔ ይበልጥ የምወደው ግን ባለ 4 ነጥቡን ስፔስ ነው። ነጥቦቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ይባሉ። ሀ እና ለ ለየብቻ ክፍት ይሁኑ፤ ሐ እና መ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሀ እና ከለ ጋር ሲሆኑ። መሠረታዊ ግሩፑ (ቀለበቶችን የሚመድበው የመጀመሪያው የሆሞቶፒ ግሩፕ) ልክ እንደ ክብ መሠረታዊ ግሩፕ የሙሉ ቁጥሮች ግሩፕ ነው፤ ሆኖም ከእሱ ወደ ክብ የሚሄድ ያልተቋረጠ ፈንክሽን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል።